አሜንን የሚያስቀድመው አናጺ

አናጺውን እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው ሰው የለም። በቤተ ክርስቲያንም በሰፈርም «ጋሽ አሜን» ነው የሚባለው። ስሙን ያወጡለት የመዘምራኑ ወጣቶች ናቸው፤ ያለ ነገርም አላወጡለትም። መጋቢው ለጸሎት ተነሥተው «ጌታ ሆይ፣ በዚህች ማለዳ በፊትህ...» ብለው ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም ሲሉ፣ ከኋላ ወንበር በኩል «አሜን!» የሚል ወፍራም ድምፅ ይመጣል። መጋቢው ገና መጀመራቸው ነው። በአናጺው በኩል ግን ጸሎቱ አልቋል፣ ጸድቋል፣ ወደ ሥራ የሚኬድበት ሰዓት ደርሷል። እንግዳ ሰው ካለ ጸሎቱ ያበቃ መስሎት ይቀመጥና፣ ሌላው ሕዝብ እንደ ቆመ ሲያይ እያፈረ መልሶ ይነሣል።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ደግ ነው፣ እጁ አይታጠፍም፣ ጎረቤት ሲታመም መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ነው። መጀመሪያ መድረስማ ማን ብሎት! ችግሩ መቆየት ላይ ነው። ሻይ ሲቀርብለት እስኪበርድ አይጠብቅም፤ ምላሱን ያቃጥልና ሻዩን ይቆጣዋል። ቀልድ ሲነግሩት መጨረሻውን ቀድሞ ይስቃል፤ መጨረሻው እሱ እንዳሰበው ሳይሆን ሲቀር ደግሞ «የኔው ይሻል ነበር» ይላል። ሰው አረፍተ ነገር ጀምሮ ቃል ከጠፋው፣ አናጺው ቃሉን እንደ ጎደለ ዕቃ ያቀብለዋል። ብዙ ጊዜ የተሳሳተውን ዕቃ ነው የሚያቀብለው።

የሥራ ቤቱ ከመኖሪያ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሰጋቱራ፣ ግድግዳው በሙሉ መጋዝና መላጊያ። አብሮት የሚሠራው የሚስቱ ወንድም ነው። እሱ ቀቢ ነው፤ ወንበሩንም ቁም ሳጥኑንም በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ቫርኒሽ ይቀባል፣ ከዚያ እጁን አጣምሮ እስኪደርቅ ይጠብቃል። ለቀቢ መጠበቅ ሥራው ነው። አናጺው ግን የተቀባ ነገር አጠገብ ሲያልፍ ጣቱን መቆጣጠር አይሆንለትም።

«ጋሼ፣ ደግሞ ነካኸው?» ይላል ቀቢው፣ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ።

«አልነካሁትም።»

«ታዲያ ይሄ የማን አውራ ጣት ነው?»

«ደርቆ እንደሆነ ነው ያየሁት።»

«ደርቆ ነበር?»

«አልደረቀም።»

ቀቢው ተንፍሶ ብርጭቆ ወረቀቱን ያነሣል። ያንን የጣት አሻራ ሳያይ ያለፈበት ዕቃም አለ፤ በሰፈሩ ውስጥ አንዳንድ ቤት የአናጺው አውራ ጣት በር ላይ፣ ወይ አልጋ ራስጌ ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። ባለቤቶቹ ለእንግዳ እያሳዩ ይስቁበታል።

እህትና ወንድም በርጋታቸው አንድ ናቸው። የአናጺው ሚስት ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አንደኛ ክፍል ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። ያገኛትም እዚያው ነው፤ የትምህርት ቤቱን የተሰባበሩ ዴስኮች ሊጠግን ሄዶ። አንዲት ሕፃን ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆማ የተጻፈላትን ቃል ለማንበብ ትታገላለች። የመጀመሪያዋን ፊደል ትላለች፣ ትቆማለች፣ አፍንጫዋን ትጠርጋለች፣ እንደገና ከመጀመሪያዋ ትነሣለች። አስተማሪዋ ደግሞ ጊዜው ሁሉ የሷ እንደ ሆነ ሰው ዝም ብላ ትጠብቃለች። አናጺው አላስቻለውም። መዶሻውን እንደ ያዘ ከበሩ ላይ «ላም! ላም ነው የሚለው!» ብሎ ጮኸ። ሕፃኗ አለቀሰች።

አስተማሪዋ ዞር ብላ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «አንተ ደግሞ የስንተኛ ክፍል ተማሪ ነህ?» አለችው።

በሳምንቱ ላግባሽ አላት። ስሟን የጠየቃት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ዓመት ላስብበት ስትለው በደስታ እሺ ብሎ ሄደና፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ «አሰብሽበት?» አላት። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ሲመላለስ ከረመ። እሷም ዓመቱን ሙሉ አሰበችበት፤ አንድ ቀን እንኳ አልቀነሰችለትም። ተጋብተው ልጅ ወልደው፣ ልጅቷ አድጋ ፖስታ ቤት ሥራ ይዛ የራሷን ቤት እስክትከፍት ድረስ፣ በዚያ ቤት ውስጥ የሚቸኩለው አንዱ፣ የምትጠብቀዋ ሌላዋ ሆነው ኖሩ። ሁለቱም ተመችቷቸው ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሚስቱ ጫማዋን ልታደርግ ጎንበስ እንዳለች ወደ ጎን ዘመም አለች።

ስትሮክ ነው አሏቸው። ከሞት ተረፈች፤ ለዚህ አናጺው እግዚአብሔርን ሳያመሰግን የዋለበት ቀን የለም። ቀኝ እጇ ሰነፈ፣ እግሯ ግን በምርኩዝ ይሄድላት ጀመር። የሚሏትን ሁሉ ትሰማለች፣ ሁሉም ይገባታል። የተያዘው ንግግሯ ነው። «አዎ» እና «አይ» ትላለች። ከዚያ ሌላ አንድ ቃል ብቻ ቀርታታለች፤ «አንተ»።

የንግግር ሐኪሟ በሆስፒታሉ ምድር ቤት ያለች ወጣት ሴት ናት። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስታወት፣ ሥዕል የተሳለባቸው ካርዶች። አናጺው ዶክተር ይላታል፤ ዶክተር አይደለሁም ብትለውም አልሰማትም።

«ጋሼ፣ ቃላቱ አልጠፉባትም» አለችው። «ውስጧ አሉ። ማውጣቱ ነው የከበዳት። ስለዚህ ቃል ስትፈልግ እርስዎ...»

«ልርዳት» አለ አናጺው።

«አይ፣ እርስዎ...»

«ጮክ ብዬ ልንገራት።»

«አይ ጋሼ። ዝም ይበሉ።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ፣ ሳይገባው።

ከዚያ ለሚስቱ የቁልፍ ሥዕል አሳየቻት። የሴትዮዋ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፣ ግንባሯ ተቋጠረ፣ ትንፋሿ ወጣ ገባ አለ። «ቁልፍ!» አለ አናጺው። ሐኪሟ ቀና ብላ አየችው። ሁለተኛ ካርድ አነሣች፤ ወንበር ነው። አሁንስ ወንበር ብሎ አልተናገረም፤ «የዚች ነገር መጋጠሚያዋ ልክ አይደለም፣ ሰው ቢቀመጥባት ትወድቃለች» አለ እንጂ። ሐኪሟ በትሕትና ተነሥታ በሩን ከፈተችለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሱ ቦታ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ሆነ። እዚያም ቁጭ አላለም፤ አግዳሚው ይነቃነቅ ስለነበር ከሥሩ ገብቶ ብሎኑን አጠበቀው።

ቤት ውስጥ ግን በር ከፍቶ የሚያስወጣው አልነበረም። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራውን አቋርጦ ሻይ ይዞላት ሲገባ፣ ሚስቱ ዓይኗን እሱ ላይ ታሳርፍና «አንተ...» ትላለች። ከዚያ ትቆማለች። ቀጥሎ የሚመጣ ነገር እንዳለ ከፊቷ ያስታውቃል፤ ከንፈሯ ይፈልገዋል፣ ግራ እጇ ብርድ ልብሱን ጨምድዳ ትይዛለች።

«ውሃ?» ይላል አናጺው፣ ወዲያው ብድግ ብሎ። ያመጣል። ራሷን ትነቀንቃለች። «አንተ...» «መስኮቱ ይከፈት?» ይከፍታል። «ይዘጋ?» ይዘጋል። ትራስ ያመጣል፣ ሁለተኛ ትራስ ያመጣል፣ ራዲዮ ያመጣል፣ መነጽሯን ያመጣል። በመጨረሻ ሴትዮዋ በዕቃ ተከባ ሱቅ የምትጠብቅ ትመስላለች፤ ልትል የፈለገችው ግን እዚያው ጉሮሮዋ ላይ ቀርቷል።

ልጃቸው በየሳምንቱ መጨረሻ ስትመጣ ይህንን ታይና ትበግናለች። «አባዬ፣ እስቲ ትጨርስ!»

«አትጨርስማ! አይወጣላትም እኮ!»

«ምናልባት ‹አንተ ዝም በል› ልትል ይሆናላ።»

አናጺው ይህን እንደ ቁም ነገር ወስዶ ወደ ሚስቱ ዞረ። «እሱን ነው ልትይ የፈለግሽው?» ሚስቱ ጣሪያውን አየች። «አይ» አለች።

ጸሎቱንም አልተወም። ጠዋት ጠዋት ሥራ ቤቱ ውስጥ ቆሞ፣ በአንድ እጁ መጋዙን እንደ ያዘ ይጸልያል። «ጌታ ሆይ፣ የሚስቴን አንደበት ፍታልኝ። ቢቻል ዛሬ፤ ካልሆነም ነገ ከምሳ በፊት። ለኔም ትዕግሥት ስጠኝ፤ እሱንም ቶሎ። አሜን።» የአሜኑ «ን» ሳያልቅ መጋዙ እንጨቱ ውስጥ ገብቷል።

መልሱ ሲዘገይበት፣ እሱም አናጺ ነውና መልሱን ራሱ ለመሥራት ተነሣ። ከስስ ኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ቆረጠ፣ ጠርዙን አለሰለሰ፣ በአናጺ እርሳስ ደግሞ ሰው ሊፈልገው የሚችለውን ነገር ሁሉ ሣለበት። በጣቷ ብትጠቁም ይበቃል፤ መናገርም አያስፈልግ፣ መጠበቅም አያስፈልግ። ቀቢው ሰሌዳውን ወደ ብርሃን አውጥቶ አገላብጦ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሻይ ነዋ!»

«እኔ ባልዲ መስሎኝ። ይሄስ፣ ውሻው?»

«አልጋ ነው።»

«እግሮቹን አይቼ ነው» አለ ቀቢው። ሰሌዳውን መለሰለትና «ጋሼ፣ እህቴ የምትፈልገው እዚህ ላይ ባይኖርስ?» አለው።

«ሁሉም አለ። ምን ይቀራል?»

ሚስቱ ሰሌዳውን ተቀብላ የቤት ሥራ እንደምታርም ሆና ከላይ እስከ ታች አየችው። ባልዲው ላይ ስትደርስ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። ከዚያ በግራ እጇ ቀስ አድርጋ ወደ ጎን ገፋችውና ወደ ባሏ ቀና አለች። «አንተ...»

«የቱ? ይሄ?» ጣቱን ሻዩ ላይ አደረገ። «ይሄ? ነው ይሄ?» ጣቱ ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ጫማ ሮጠ። «አሳዪኝ እንጂ፣ የቱ ነው?»

ሴትዮዋ አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ከንፈሯን ገጠመችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ሻይ ይዞ ሲገባ «አንተ» አላለችም። በማግስቱም እንደዚሁ። ሻዩን ትጠጣለች፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ታመሰግናለች፣ ዝም ትላለች። አናጺው መጀመሪያ ደክሟት ነው አለ። ቀጥሎ ተቀይማኝ ነው አለ። ከዚያ በኋላ የሚለው ጠፋው።

የንግግር ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኮሪደሩ ወደ ውስጥ ጠራችው። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለችው። «ከኔ ጋርም መሞከሩን እያቆመች ነው። ሰው በጀመረ ቁጥር ከአፉ ከተነጠቀ መጀመሩን ይተዋል። ቃሉ ሊመለስላት የሚችለው አሁን፣ እየታገለች ሳለች ነው። አሁን ከተወችው እንደዚህ ልትቀር ትችላለች።»

አናጺው የሐኪሟን አረፍተ ነገር አልጨረሰላትም። እስከ መጨረሻው ሰማት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሚስቱን እያዳናት ይመስለው ነበር።

ከሆስፒታሉ ወጥቶ በቀጥታ ወደ መጋቢው ቢሮ ገባ። መጋቢው ሽማግሌ ናቸው፤ ሲናገሩ በሁለት ቃል መካከል ሰው ወጥቶ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። አናጺው የደረሰበትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈላቸው።

«ጸሎቴ ለምን አይመለስም?» አለ በመጨረሻ።

«ምን... ብለህ ነው የምትጸልየው?»

የሚለውን አለላቸው፤ ከምሳ በፊት የምትለዋን ጭምር።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አሜን እላለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ሥራዬን እጀምራለሁ።»

«እና እሱ መቼ ይናገር?» አሉ መጋቢው።

መጋቢው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አደረጉ። «አየህ፣ እግዚአብሔርን መጠበቅ ማለት...»

«መታገሥ ነው» አለ አናጺው።

«አይደለም። መጠበቅ ማለት...»

«ተስፋ አለመቁረጥ።»

«እሱም አይደለም። መጠበቅ...»

«እንግዲያው ማመን ነው!»

መጋቢው ወደ ወንበራቸው ደገፍ አሉ። «በል እንግዲህ ምክሩን አንተው ቀጥል» አሉት። «እኔም ሰሞኑን የከበደኝ ነገር አለ፤ በዚያው እጠቀማለሁ።»

አናጺው አፍሮ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ሊሉት የነበረው ምን እንደ ሆነ ለምኖ ቢጠይቃቸው ግን ረስቼዋለሁ አሉት። ረስተውት ይሁን ሆን ብለው፣ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ሲወጣ የጸሎት ቤቱ በር ክፍት ነበር፤ ውስጡ ማንም የለም። ገብቶ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዛሬ እንኳ ዝም እላለሁ ብሎ ቆረጠ። ዝምታው እንደ ጀመረ የተቀመጠበት ወንበር በግራ እግሩ በኩል እንደሚነቃነቅ ታወቀው። ቀጥሎ የመድረኩ ደረጃ ጠርዝ እንደ ተላጠ አየ። ቀጥሎ ምሳ አለመብላቱ ትዝ አለው። እነዚህን ሁሉ አሳለፋቸው። ካሳለፋቸው በኋላ የቀረው ፍርሃት ብቻ ነበር። እሷ ዳግመኛ ሳታናግረው፣ እሱም የልቧን ሳይሰማ፣ በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ሁለት ጎረቤት ሆነው እንዳያረጁ ፈርቷል። ውሃውና ትራሱ፣ ሰሌዳውም ቢሆን፣ ከዚህ ፍርሃት ጋር ላለመቀመጥ የተሮጡ ሩጫዎች ነበሩ። ይህንን ለእግዚአብሔር ነገረው፤ ቀነ ገደብ ሳይሰጥ። ከሰማይ የመጣ ድምፅ አልነበረም። አናጺው ግን አሜን ሳይል፣ ጸሎቱን ሳይዘጋ ተነሥቶ ወጣ፤ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ አድርጎ አያውቅም።

ቁርጥ ሐሳብ አንድ ነገር ነው፣ ምላስ ደግሞ ሌላ። በማግስቱ ሥራ ቤት ውስጥ የአንድ ቁም ሳጥን ጀርባ ይመታል፤ እንደ ሙያው ልማድ ምስማሮቹን በከንፈሮቹ መካከል ደርድሮ ይዟል። ቀቢው በብርጭቆ ወረቀቱ እየፈተገ ስለ አንድ ደንበኛ ማውራት ጀመረ። ደንበኛው ቁም ሳጥን አዝዞ፣ ቁም ሳጥኑ በበሩ አልገባ ብሎት፣ በሩን አስፈርሶ፣ ካስገባው በኋላ ሚስቱ ቀለሙን አልወደደችውም። አናጺው በየመሀሉ ሊያቋርጥ ፈልጎ «እምምም» ከማለት በቀር አቅም አልነበረውም። ወሬው አለቀ። ቀቢው ሥራውን አቁሞ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ካወቅኩህ ጀምሮ አንድ ወሬ ጀምሬ የጨረስኩት ዛሬ ነው» አለው። «ስሞትልህ፣ ምስማሩን ከአፍህ አታውጣው።»

ቀቢው መቀለዱ ነበር። አናጺው ግን መዶሻውን አስቀምጦ፣ ሻዩን ይዞ፣ ምስማሮቹን በከንፈሮቹ መካከል እንደ ያዘ ወደ ቤት ገባ። ሚስቱ ፊት በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ቀና ብላ አየችው። የምስማሮቹ ራሶች በጢሙ ሥር ተሰልፈው ብቅ ብለዋል፤ ዓይኑ ደግሞ ለፈተና የቀረበ ተማሪ ዓይን ነው።

መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በአንድ በኩል ዘመም ባለው አፏ ሳቀች፤ ድምፅ አውጥታ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ማንም አልሰማትም ነበር። አናጺውም ሊስቅ ሲል አንዱ ምስማር ሻዩ ውስጥ ገባ። ሴትዮዋ ጣቷን ወደ አፉ ቀሰረች። «ም...» አለች። ቆመች። አናጺው የመጨረሻዋን ፊደል ሳይቀር ያውቃታል፤ ሲውጣት ጉሮሮው ላይ ተሰማችው። «ምስ... ማር» አለች ሚስቱ።

አናጺው ተነሥቶ ክፍሉን ዞረው። አፉ በምስማር ተይዟል እንጂ ሰፈሩን ሁሉ ይጠራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከምስማሮቹ ጋር ይገባል። ቃላቱም አንዳንድ እያሉ፣ አንዳንዴም አንዱ መጥቶ ሌላው ተመልሶ እየጠፋ፣ ብቅ ማለት ጀመሩ። «ሻይ» መጣ። «በር» መጣ። አንድ ቀን ሙሉ የፈጀ «ዝናብ» መጣ፤ እስኪመጣም ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሐኪሟ ምን እንዳደረገ ስትጠይቀው፣ ነገሩ ለዶክተር የሚነገር ስላልመሰለው «አፌን ይዤ ነው» ብሎ አለፈው።

ምስማሩን ያስቀረችው ልጃቸው ናት። አንድ ቅዳሜ ሳታንኳኳ ገብታ አባቷን በዚያ ሁኔታ አገኘችውና ጮኸች። «አባዬ! ብትውጠውስ? አንዷ በሽተኛ አትበቃኝም?» እጇን ዘርግታ አፉ ሥር ቆመች፤ አናጺው እንደ ጥፋተኛ ልጅ አንድ በአንድ እየተፋ አስረከበ። «ተ... ተዪው» አለች እናትየዋ ከአልጋዋ። ልጅቷ ለእናቷ ድምፅ እያለቀሰች ሳመቻት፤ ምስማሮቹን ግን አልመለሰችም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሰኞ አናጺው ሚስቱ ፊት የተቀመጠው በባዶ አፉ ነው። ሻዩን በመካከላቸው አስቀመጠ። ሸሚዙ ላይ ሰጋቱራ አለ፤ አንዱን ቁልፍ በሌላው ቀዳዳ ቆልፎታል። ሚስቱ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው ካዞረችበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «አንተ...» አለች።

የአናጺው ጉልበት ሊያስነሣው ተሰናዳ። ውሃ ነው አለው ልቡ። ትራስ ነው አለው። እጁን በጭኖቹ መካከል ቀበረና ተቀመጠ።

«አንተ... ስ...» አለች።

እዚያ ላይ ቆመች። ከንፈሯ ሞከረ፣ ተወ፣ እንደገና ሞከረ። ሻዩ ላይ ያለው እንፋሎት ቀጠነና ጠፋ። ከሥራ ቤቱ የቀቢው የብርጭቆ ወረቀት ድምፅ ይመጣል፣ ያቆማል፣ ይመጣል። አናጺው መቼ እንደ ጀመረ ሳያውቅ መገመቱን አቁሟል። ልትል የምትችለውን መፈለግ ትቶ እሷን ብቻ ያያል፤ የግንባሯን መስመር፣ ብርድ ልብሱን የያዘችውን ግራ እጇን። ስትታገል ይህን ያህል ቀርቦ አይቷት አያውቅም ነበር።

«ደ...» አለች። «ደህ... ና... ነህ?»

አናጺው ጥያቄውን ሰማው፤ እስኪገባው ግን ቆየ። ከታመመች ጀምሮ መጋቢውም፣ ጎረቤቱም፣ ደንበኛውም፣ ያገኘው ሰው ሁሉ «ባለቤትህ እንዴት ናት?» ነው የሚለው። እሱን «አንተስ?» ያለው ማንም የለም። እሷ ግን እዚህ ተኝታ ሸሚዙ ሲሰፋው፣ ሌሊት ሲገላበጥ፣ ቁልፉን ሲያዛባ ስታይ ነው የከረመችው። ይህንን ልትጠይቀው በጀመረች ቁጥር እሱ ትራስ ሲያሳቅፋት ነው የከረመው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» የሚለው መልስ ለሁሉም ሰው ዝግጁ ነበር፤ ሁልጊዜም ከጥያቄው ይቀድማል። አፉን ከፈተ። አልወጣለትም። እንደገና ሞከረ፤ እንባው በጢሙ ላይ ወረደ፣ ቃሉ ግን አንድ ቦታ ላይ ተይዞ ቀረ።

ሚስቱ መልሱን ታውቀዋለች፤ ከዓይኗ ያስታውቃል። ራሷን ነቅንቃ ልትገላግለው ትችል ነበር። አልነጠቀችውም። ግራ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ጉልበቱ ላይ አደረገችና፣ እስኪያወጣው ድረስ ጠበቀችው።